የገብረዋህድ ጉበት

ገብረዋህድ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። የሚኒባስ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ ጎማ አጥብቆ ይለጥፋል፣ ሲሳደብም አይምርም። አረቄ ይወድ ነበር። ጠዋት አንዲት መለኪያ ለእጁ መንቀጥቀጥ፣ ማታ ደግሞ እስኪጥለው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ኣምሃ በዚህ ጉዳይ ስንቴ ተጣልቶታል፤ አንዴም ጠርሙሱን ነጥቆ ቦይ ውስጥ ደፍቶበታል።

አምና ክረምት ላይ የገብረዋህድ ሆድ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ደም አስታወከና ይቃዥ ጀመር፤ ሚስቱን ለተኪዳንን እንኳ በሟች እናቱ ስም ይጠራት ነበር። ኣምሃ ሆስፒታል አስገባው። ልቡ ሲመለስለት ኣምሃ "ጨጓራህ ነው" አለው።

ቤት ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ተለወጠበት። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይመጣና ዝም ብሎ ያየዋል። ለተኪዳን ጭቅጭቋን ተወች። ከሁሉ የገረመው ግን ኣምሃ ነው። ያ ጠርሙስ ደፊ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ አረቄ ይዞ እየመጣ በገዛ እጁ ይቀዳለታል።

"አንተ ምን ነካህ?" አለው ገብረዋህድ።

"ጠጣ ወንድሜ። ነፍስህ ደስ ይበላት" አለና ፊቱን አዞረ።

ገብረዋህድም ጠጣ። ሆዱ እንደገና ይነፋ ጀመር።

በሆስፒታሉ ቀጠሮ ቀን ኣምሃ ስብሰባ ስለነበረበት ገብረዋህድ ብቻውን ሄደ። ያከመችው ወጣት ሐኪም ዶክተር መቅደላዊት ሆዱን ዳሰሰች፣ የደም ውጤቱን አየችና፣ "መጠጥ አልተዉም ማለት ነው?" አለችው።

"ማን ተው አለኝ?"

ደነገጠች። "ለወንድምዎ ነግሬያቸዋለሁ። መጠጥ ጉበትዎን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። ከቀጠሉ ዓመት መድረስዎን እጠራጠራለሁ አልኳቸው። ካቆሙ ግን ጠባሳው ባይለቅም የተረፈው ጉበት ሊያገግም ይችላል፤ አቁመው ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ። ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎን አያውቁም ነበር።"

"ራሴን ሳውቅስ? ጉበቱ የኔ፣ ወሬው የኣምሃ?"

"ልክ ነዎት። ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ" አለች። ይቅርታዋ ንዴቱን አላበረደለትም።

በቀጥታ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄደና ኣምሃን ግቢው ውስጥ አገኘው።

"ሐኪሟ ምን ነበር ያለችህ?"

ኣምሃ ጎረቤት እንዳይሰማ ዙሪያውን ቃኘ። "ዓመት አይሞላውም አለች። እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው የደበቅሁህ። የቀረችህን ጊዜ ደስ ብሎህ..."

"ካቆመስ አላለችም?"

"አንተ ልታቆም? ስንት ዓመት ለምነንህ?"

"አለች ወይስ አላለችም?"

"ብላለች" አለ ኣምሃ፣ አቀርቅሮ።

ገብረዋህድ ቡጢውን ጨበጠ፤ ግን አልመታውም። "እኔ መሞቴን አምነህ ለቅሶዬን ጀመርክ። መርዙን በእጅህ ቀዳህልኝ። ጠላት እንኳ ይህን ሲያደርግ ተደብቆ ነው።"

ቤቱ ሲገባ ለተኪዳን ከፊቱ አነበበችው። "አውቅ ነበር። ኣምሃ ዝም በይ ሲለኝ ፈራሁና ዝም አልኩ" አለች። ብዙ ቀን አላናገራትም።

መጠጡን በሐኪም ክትትል አቆመ። በመጀመሪያው ሰሞን ላቡና መንቀጥቀጡ አልጋ ላይ ጣለው፤ መድኃኒቱን እየዋጠ ተወጣው። ጨው ተወ። አረቄ ሲያምረው የኣምሃ የምትቀዳ እጅ ትታየዋለች፤ ያን ጊዜ ምራቁን ይተፋል። ዓመቱ ሲደርስ ሆዱ ጎደለ፣ ዓይኑ ነጣ፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን ሥራው ላይ መቆም ቻለ።

ሽማግሌዎች ለእርቅ ቢመጡበት፣ "ሰላም እለዋለሁ፤ ቤቴ ግን አይገባም" ብሎ መለሳቸው። ወንድማማቾቹ ልደታ ማርያም ሲያስቀድሱ ዛሬም ጎን ለጎን አይቆሙም። ለተኪዳን ሐኪም ቤት አብራው ትሄዳለች፤ የሚባለውን ቀድሞ የሚሰማው ግን እሱ ነው።

በቅርቡ ዶክተር መቅደላዊትን፣ "አሁንስ ስንት እኖራለሁ?" ብሎ ጠየቃት።

"አላውቅም። ካምናው በጣም ተሽሎዎታል፤ ጉበትዎ ግን አሁንም የታመመ ነው፣ ሊያስቸግርዎ ይችላል።"

"እንዲህ ነው መንገር" አለና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጠየቃት።