ጥፋቱ የምድጃው፣ ደብዳቤው የእህቴ

ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ታላቅ እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማግኔት ፋብሪካ ፕሬስ ላይ የሠራች ሴት ናት። የእኛ ማግኔት ከብርቅ ማዕድን የሚሠራ ጥቁር ዱቄት ነው። በሙጫ ይለወሳል፣ እሷ በፕሬስ ትጠቀጥቀዋለች፣ ሙጫው እንዲደርቅ ምድጃ ይገባል፣ በመጨረሻ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበትና ማግኔት ይሆናል። የውሃ ፓምፕ ሞተር ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ እዚያው ማሸጊያ ክፍል ሚዛን ላይ ነኝ።

ሠራተኛው «ጆሮ» ነው የሚላት። የፕሬሱን ድምፅ ሰምታ «ይሄ አልጠበቀም» ካለች፣ አልጠበቀም ነው። ዱቄቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ መሃሉ አየር ይቀርና ማግኔቱ ይደክማል። ባሏ «ከእኔ ይልቅ ፕሬሱን ነው የምትሰሚው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አዲስ ኢንጂነር መጣላችሁ። ገና ወንበሩን ሳያሞቅ፣ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት የሚቆየው ዕቃ ሙቀት ተጨምሮበት በሃያ ደቂቃ ይውጣ አለ። እህቴ በትሕትና፣ «ኢንጂነር፣ ሙጫው ይደርቅልዎታል፤ ዱቄቱ ግን ያን ያህል ሙቀት አይችልም፣ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል» አለችው።

«አንቺ ፕሬስሽን ጠብቂ» አላት። እናቱ የምትሆነውን ሴት! አንቺ!

ሁለት ወር ሳይሞላ ደንበኞች ዕቃውን በካርቶን በካርቶን መለሱት፤ ሞተሩ ውሃ አይስብም። ማግኔቱን ብታዩት ጠንካራ ነው፣ ከላዩ እንከን አይወጣለትም። ኢንጂነሩ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፕሬሱ በሚገባ አልተጫነም» ብሎ ለእህቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጻፈላት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! በግዴለሽነት ይላል ደብዳቤው። እሷን!

እህቴ ከየዓመቱ ሥራዋ አንድ አንድ ፍሬ ሎከሯ ውስጥ ታስቀምጣለች። ያምናውንና ከተመለሰው የዘንድሮ ዕቃ አንድ ፍሬ ይዛ እሳት ለብሳ፣ እሳት ጎርሳ መጣች። ሥራ አስኪያጁም ኢንጂነሩም እኔ ክፍል ነበሩ።

«መጠናቸው አንድ ነው አይደል?» አለች። «ሳልጠቀጥቅ ቀርቼ ከሆነ የዘንድሮው ይቀላል። መዝኚ!»

ሁለቱንም መዘንኩ። ያምናው አርባ ሁለት ግራም፣ የዘንድሮው አርባ ሁለት ግራም። ከተመለሰው ውስጥ አሥር ፍሬ መዘንኩ፣ ያው ነው። ከዚያ በየተራ የብሎን ፍሬ አንጠለጠለችባቸው። ያምናው ዘጠኝ ተሸከመ። የዘንድሮው ስድስተኛው ላይ ዘረገፈው።

«ክብደቱ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ። የተለወጠው ታዲያ ምኑ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነሩን አየ፣ ኢንጂነሩ ጫማውን አየ። በማግስቱ ምድጃው ወደ ድሮው ሙቀት ተመለሰ። ይቅርታ ያለ የለም። ደብዳቤውን ከፋይሌ አውጡልኝ ስትል «በሂደት ይታያል» አሏት። አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጠየቀች። እንደማይሆን ስታውቅ የሥራ ካፖርቷን አጣጥፋ ፕሬሱ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በቃ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለቀ። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ እንኳ አላለቀሰችም።

በእሷ ቦታ የተተካው ሰው ጆሮ የለውም። ያልጠበቀው ዕቃ ሲከመር፣ ያ ኢንጂነር አንድ ኪሎ ኬክ ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እባክዎ ይመለሱልን» አለ። ዛሬ «እርስዎ» ሆነች!

«ደብዳቤውስ?» አለችው።

«እሱማ… አንዴ ፋይል የገባ ወረቀት አይወጣም። አሠራሩ ነው።»

እህቴ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «የገባ ወረቀት የማይወጣ ከሆነ፣ የወጣች ሴትም አትገባም» አለችው።

ኬኩን መልሼ ያስታቀፍኩት እኔ ነኝ። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።