ደጊዛን የምትሰቅለዋ ወፍ

ዛሬ ጠዋት በተከራየሁበት ግቢ፣ አጥሩ ላይ ባለው እሾሃማ ሽቦ አንድ ፌንጣ ተሰክቶ አየሁ። እግሩ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ያለውን ጤፋችንን ደጊዛ የሚሉት ፌንጣ ወረረው። በዚያው ሰሞን አባቴ በማሳው ዳር ካለው አጋም እሾህ ላይ የተሰኩ ደጊዛዎች አገኘ።

«የሰይድ ድግምት ነው! ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!» ብሎ ወደ ጎረቤታችን ሊሄድ ዱላውን አነሳ።

«ቁጭ በል አንተ! መጀመሪያ እይ፤ ሰይድ የትም አይሄድ» አሉት አያቴ።

ሦስታችንም ተቀመጥን። ያቺ ማለዳ ማለዳ በዜማዋ የምትቀሰቅሰን፣ ጀርባዋ ጥቁር ሆዷ ነጭ ወፍ ከጤፉ መሃል ደጊዛ ይዛ መጣች። እሾህ መርጣ አንገቱ ሥር ሰካችው፤ ሳብ አድርጋም መጥበቁን አየች። ከዚያ ቀድሞ የተሰቀለውን፣ የደረቀውን፣ በቆልማማ ምንቃሯ እየቦጨቀች በላች።

«ሱብሃነላህ! ጎተራ አላት!» አለ አባቴ። ዱላው ከእጁ ወድቋል።

«በል እንግዲህ፣ ሂድና ሰይድን ምታው» አሉት አያቴ።

የሽቦው ፌንጣ አሁን ጸጥ ብሏል። ሥራ ረፍዶብኛል፤ ባለጎተራዋ እስክትመጣ ግን ቆሜ እየጠበቅሁ ነው።