የአባቴ ስም ሲጠራ

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ወደ ልጄ ስም ለማዞር ክፍለ ከተማ ሄጄ ነበር። ተራ ስጠብቅ ረፋዱ አለቀ። መስኮቱ ጋ ስደርስ አንዲት ቀጭን ልጅ ሰነዶቼን እያገላበጠች፣ «ማዘር፣ ቤቱ መጀመሪያ በአባትዎ ስም ነበር፤ የሞቱት መቼ ነው?» አለችኝ። ሰው የአባቱን ሙት ዓመት እንዴት ያጣል? እኔ ግን «ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጄ» ብዬ ወደ አግዳሚው ተመለስኩ። በዚሁ ቤት ጉዳይ የመንግሥት አግዳሚ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የፊተኛው በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ገና አሥራ ሁለተኛን መጨረሴ ነበር።

ቤታችን ከሲግናል ሰፈር ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። አባቴ ደምሴ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአንዱ ጉዞ ሲመለስ ክፍል ይጨምራል፣ ከሌላው ሲመለስ ቆርቆሮ ይቀይራል፤ ቤቱ እንደ ልጅ ቀስ እያለ ነው ያደገው። እናቴ አስካለ ደግሞ በመነሻው ዋዜማ ዳቦ ቆሎ ትጠብስለታለች። ዛሬም የዳቦ ቆሎ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ማን ሊሄድ ነው እላለሁ።

አንድ ጥቅምት እንደወጣ ቀረ። መኪናውም አልተገኘም። መንገድ ላይ ተመትቷል ያለ አለ፣ ጅቡቲ ተሻግሯል ያለም አለ። በዚያ ዘመን አብዝቶ መጠየቅም ጣጣ ነበረው፤ የሰው ወሬ የጠየቀ ራሱ ይጠየቃል። እናቴ ሬሳውን ሳላይ ከል አልለብስም አለች። ጎረቤት ከኋላዋ «ላም አለኝ በሰማይ» ይል ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም በሆዴ እንደዚያው እል ነበር።

እድራችን በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። አባቴ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ድሮም በስሙ «አለ» የምትለው እናቴ ነበረች። ከጠፋ በኋላም አልተወችም። «ደምሴ ወልደየስ» ሲባል ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትነሳና «አለ» ትላለች። ሰብሳቢው ጋሽ ንዳ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ቀና ሳይሉ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ።

ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ሆነን ሳለ የቀበሌው ሰዎች መጡ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። «ባለቤቱ ከድቶ ውጭ ወጥቷል የሚል ጥርጣሬ አለ» አለ አንደኛው፣ ግድግዳችንን በዓይኑ እየለካ። «ወይ ሰውየውን አቅርቡ፣ ወይ ስሙን በሕግ አዛውሩ። ካልሆነ ቤቱ ወደ ቀበሌ ይዞራል።»

ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ከሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ሕጉን በደንብ አስረዳኝ። ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው በዳኛ ጠፍቷል ይባላል፤ ከዚያ ውርሱ ይከፈታል፣ የቤቱም ስም ይዞራል። መነጽሩን አውልቆ፣ «ጋብቻውም አብሮ ይፈርሳል፤ ይህን ለእናትሽ ሳትደብቂ ንገሪያት» አለኝ።

ጎመን እየቀነጠሰች አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«ቤቴን አድኑልኝ ብል ትዳሬን ልታፈርሱ?» አለች። «በቁሙ ልቅበረው?»

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን እሺ አላለችኝም። አባበልኳት፣ ተቆጣኋት። በመጨረሻ ጠዋት ደጁን ስትጠርግ ጠጋ ብዬ፣ «እማዬ፣ ቤቱ ከተወሰደ አባዬ ሲመጣ የማንን በር ያንኳኳል?» አልኳት። ይመጣል ብዬ አልነበረም፤ እሷ የምትኖርበት ሐሳብ ውስጥ ገብቼ መናገሬ ነው። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በሩን ብዙ አየችው።

«ጣቴን የማደርገው የት ላይ ነው?» አለችኝ።

ፍርድ ቤቱ አባቴን በጋዜጣ ጠራው። ሕጉ ነው፤ የጠፋ ሰው ጠፋ ከመባሉ በፊት ይጠራል። ጥሪውን አነበብኩላት፣ ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። የቀጠሮው ቀን ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ከእንጦጦ እየወረደ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ልንወጣ ስንል አንድ ጥቅል አቅፋ አየኋት።

«ምንድን ነው?»

«የአባትሽ ካፖርት ነው። ትንሽ ዳቦ ቆሎም አለበት» አለች። «መንግሥት በጋዜጣ ጠርቶታል አላልሽኝም? እኔ ብጠራው ላይሰማኝ ይችላል። መንግሥት ጠርቶት ይቀራል እንዴ? ከመጣ ይበርደዋል።»

ካፖርቱን ልያዝልሽ ብላት አልሰጥም አለች።

ምስክራችን ጋሽ ንዳ ሱቃቸውን ዘግተው ቀድመውን ደርሰዋል። ገብተን እንደተቀመጥን ችሎት አስከባሪው በሩ ላይ ቆመና ወደ ውጭ ተጣራ። «አቶ ደምሴ ወልደየስ!» የመጣ የለም። ደግሞ ተጣራ። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች።

«አለ» አለች።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የት አለ?»

አለ ከተባለማ ምን ጠፋ? ቤቱ ሄደ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ መሰለኝ፤ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። ጋሽ ንዳ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታዬ፣ ይፈቀድልኝ። ደምሴ የእድራችን አባል ነው። ስሙ ሲጠራ በየወሩ አለ የምትለው እሷ ናት። ተሳስታ አይደለም፣ ዋሽታም አይደለም። ለምዶባት ነው።»

ዳኛው ጥቅሉን አዩት። ምንነቱን አልጠየቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ባለቤትዎ ከወጡ ወዲህ በአካል አይተዋቸዋል? ወሬያቸውን ሰምተዋል?» አሉ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወደ እኔ ዞረች፣ እኔም አቀረቀርኩ።

«አልሰማሁም» አለች። ይህቺን አንዲት ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ቁጭ ስትል አጥንቷ የተሰበረ ትመስል ነበር።

ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት በፊት ወጣ፣ ቤቱም በስሟ ዞረ፣ የቀበሌው ሰዎችም ተመልሰው አልመጡም። በዚያ የችሎት ቀን ከፍርድ ቤት ስንመለስ ግን ከመገናኛ ሽቅብ ዝናብ መታን። «ልበሺው እንጂ፣ እማዬ» ብላት፣ «ይረጥብበታል» ብላ ካፖርቱን ነጠላዋ ሥር ሸሸገችው። እሷ እስከ አጥንቷ ስትረጥብ ካፖርቱ ደረቁን ገባ።

ውሳኔው ከወጣ በኋላ በመጣው የእድር እሑድ ጸሐፊው፣ ሕጉ ስለወሰነ የአባልነቱ ስምም ወደ አስካለ ይዙር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ንዳ፣ «መንግሥት የቤቱን ስም አዞረ። የእድሩን አዙሩ ብሎ ያዘዘን የለም» አሉና ስም መጥራት ጀመሩ። ደምሴ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ። እናቴም ተነሳች። እኔ በዚህ ነገር ለዓመታት ስናደድባት ኖሬያለሁ። ዕድሜዋን በአንዲት ቃል ጨረሰችው እል ነበር።

ደርግም ወደቀ፣ እሷም አረጀች። ለመነሳት ሰው ሲያስፈልጋት እኔ ክንዷን እየያዝኩ አስነሳት ነበር። በሞተች ቀን እድርተኛው ድንኳን ይዞ መጣ። ጋሽ ንዳ በምርኩዝ ናቸው፤ ግቢያችን መሀል ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለአንድ ሰው ነው የምንተክለው ወይስ ለሁለት?»

«ለሁለት፣ ጋሽ ንዳ» አልኩ። አባቴን ያን ቀን አለቀስኩት። ካፖርቱን ከእሷ ልብስ ጎን አስቀምጠን ሙሾው ለሁለቱም ወረደ። ከዚያ በኋላ በእድሩ የደምሴ ስም አልተጠራም።

ይህን ሁሉ አግዳሚው ላይ ሳስብ ልጅቷ ጠራችኝ። ተነስቼ ሄድኩና ቀኑን ነገርኳት። ጻፈች፣ ከዚያ ሰነዱን አየችና ግራ ገባት።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ እናትዎ የሞቱበት ቀን ነው። የአባትዎን ነው የጠየቅኩዎት። እዚህ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ደግሞ ሌላ ቀን አለ።»

«እንግዲያው የፍርድ ቤቱን ጻፊ፣ ልጄ» አልኳት። «አባቴ የሞተው ግን ‹አለ› የምትለው ሴት የሞተች ቀን ነው።»