ምርቃቱ ላይ የሚቆመው ቪዲዮ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የድሮ ዲቪዲዎችን ስልክ ላይ ወደሚከፈት ቪዲዮ እየቀየርኩ ነው የምተዳደረው። በቀደም ከመቲ የመጡ አንድ የቡና ገበሬ የልጃቸውን የሠርግ ዲቪዲ ሰጡኝ። ቀይሬላቸው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ ጉልበቴን ልትስም ስትል ምስሉ ይቆማል። ምርቃቴ ግን ይሰማል» አሉኝ።

እንደ ልማዴ ራሴን ጠረጠርኩ። ዲቪዲው በሰከንድ ሃያ አምስት ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ እኔ ሠላሳ ላይ አድርጌው ነበር። አስተካክዬ እንደገና ቀየርኩት። አሁንም እዚያው ቆመ። ሌላ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ዋናውን ዲቪዲ ከፍቼ ፍሬም በፍሬም ሄድኩበት። የሙሽራው አባት ሲመርቁ ምስሉ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የገበሬው ተራ ሲደርስ ግን የሙሽሪት ፊት ብቻ ያለበት አንድ ምስል ሆን ተብሎ ተደጋግሞ ተለጥፏል። ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ ገበሬው ምስሉ ውስጥ የትም የሉም።

«አባባ፣ ዲቪዲውን ማን ነው ያሠራው?»

«ራሷ ልጄ ናት። እዚሁ ከተማ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው።»

እውነቱን መናገር ከበደኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የፍሬሙን ቁጥር ማስተካከል አቃተኝ» አልኳቸው።

ዲቪዲውን ተቀብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

«መቲ ያለው ቪዲዮ የሚቀይር ልጅም ጥፋቱ የእኔ ነው አለኝ፤ ገበያው አጠገብ ያለውም እንዲሁ። ልጅህ ቆርጣ አውጥታሃለች የሚለኝ አንድ ሰው ልጣ?»