የሻምበል ሱሪ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «የነገው» ይለዋል። ለሠርግ የታዘዘ ሙሉ ልብስ ሙሽራው የመጀመሪያ ልጁን ካቀፈ በኋላ ያስረከበ ሰው ነውና ስሙ አልበዛበትም። ሰነፍ ግን አይደለም፤ እምቢ ማለት ስለማይችል የሁሉንም ጨርቅ ይቀበላል፣ ሁሉንም ያስለቅሳል።

የሚኖረውም የሚሠራውም በታላቅ እህቱ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ከስፌት መኪናው ሥር ፀጉራሙ ውሻው ሻምበል ይተኛል። ሰኞ ዕለት አንዲት ቁንጫ የሻምበልን ጭን ነከሰች። ሻምበል ላሰው፣ አኘከው፣ መልሶ ላሰው፤ ረቡዕ ጠዋት መዳፍ የሚያህል ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚሸት ቁስል ሆነ።

እህትየው አፍንጫዋን ይዛ መጣችና ፈረደች፦ እስከ ቅዳሜ ካልተሻለው ከግቢዋ ይውጣ። የነገው መቀሱን አስቀምጦ ከሻምበል አጠገብ ተንበረከከ። ቀኑን ሙሉ ሰው በሚጮህበት ክፍል ውስጥ፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ የማይጠይቀው ያ ውሻ ብቻ ነበር።

ከዚያማ አፍ ያለው ሁሉ ሐኪም ሆነ። የሰፈሩ መካኒክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው አለ። የራሱ ጭን ቢቆስል ያንን ይቀባ እንደሆን የጠየቀው የለም። የነገው ጆሮ ዳባ ልበስ አለው፤ ደግ አደረገ። ግን የራሱን ጥበብ አመጣና ከድጡ ወደ ማጡ ገባ።

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሻምበልን ለካ፦ ወገብ፣ ጭን፣ የጅራት መውጫ። እንዳይልስ ብሎ ገበር ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ ግራጫ የሱፍ ሱሪ በአንድ ከሰዓት ሰፋለት። ሻምበል ለብሶ ሲወጣ መንገደኛው ሥራ ፈታ። አንድ ደንበኛ አጎንብሶ ጨርቁን ዳሰሰና የእሱ እንዳይሆን ጠየቀ፤ የነገውን ሳል ያዘው።

ሐሙስ ሱሪው ሲወልቅ ቁስሉ እጥፍ ሆኖ ከገበሩ ጋር ተጣብቋል። ውሻውን ተሸክሞ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠ። ወጣቷ ሐኪም ሱሪውን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«ጋሼ፣ ስፌቱ ግሩም ነው። ግን እርጥብ ቁስል ሲታፈን ይብሳል። አየር ነው የሚፈልገው።»

«እና ራቁቱን ይሂድ?»

«ውሻ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ላጨች፣ አጠበች፣ በደንብ አደረቀች፤ የውሻ ቅባትና የቁንጫ መድኃኒት ሰጠችው። እንዳይልስ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚታሰር ማገጃ ያስፈልገዋል፤ እሱ አልቆባታል። እንደ ትልቅ ኮሌታ ያለ ነገር ነው ብላ በእጇ ከብባ አሳየችው።

ኮሌታ ሲባል የነገው ፊቱ በራ። የሸሚዝ ኮሌታ የሚያጠነክርበትን ደረቅ ጨርቅ ሦስት ድርብ አድርጎ ሰፋው። ጀምበር ሳትጠልቅ ሻምበል እንደ ትልቅ ሹም አንገቱን አቅንቶ ቆመ። ምላሱም ጭኑ ጋ መድረስ አቃተው።

ቅዳሜ እህትየው መነጽሯን አድርጋ መጣች። ሻምበል ሊቀበላት ሲሮጥ በኮሌታው ቅልጥሟን መታት። እሷ ግን አጎንብሳ መረመረችው፤ ቁስሉ ደርቋል፣ ሽታውም ጠፍቷል። ኮሌታውን በጣቷ አንኳኳች፤ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሱሪ ገልብጣ ገበሩን አየች።

«ይቆይ» አለች። የነገው ገና ሲተነፍስ፣ «ይሄ ሱሪ በስንት ቀን አለቀ?»

«በአንድ ከሰዓት፣ እትዬ።»

«የኔ ቀሚስ ስድስት ወሩ ነው።» ወንበር ስባ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። «ውሻው ይቆያል። እኔም እስክትጨርስ እቆያለሁ።»

የነገው «ነገ» ሊል አፉን ከፈተ። ሻምበል ከኮሌታው ውስጥ ቀና ብሎ አየው። አፉን ዘጋና ክሩን በመርፌው አሾለከ።