ሮምን ልጎበኝ ሄጄ ታጭቼ ተመለስኩ

ባለፈው እሁድ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ... እልልታ ተቀበለኝ።

ሙሽራ የመጣች መስሎኝ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። አንድ ባለ ኮፍያ ፈረንጅ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እልል የሚሉት የእናቴ ጓደኛ እትዬ አስካለ ናቸው፤ እቅፍ አበባ ይዘዋል። እናቴ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ! ኮንግራጁሌሽን!»

«ለምኑ እትዬ?»

«ኧረ አትፈሪ! ሰሎሞን ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል።»

ሰሎሞን የወንድማቸው ልጅ ነው። ሮም ነው ያለው። እንዴት እንደተገናኘን ልንገራችሁ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሥዕል ያየሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ በስላይድ ነው። ስመረቅ አንድ የአውሮፓ ዋና ከተማ ሄጄ ሥዕሉን በዓይኔ አያለሁ፣ የአገሩን ምግብ እዚያው በአገሩ እበላለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። አየር ማረፊያው ካፌ ውስጥ የዊክኤንድ ሺፍት እየሠራሁ አጠራቀምኩ።

ያሰብኩት ማድሪድን ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ ምግብ ልትበላ ብቻዋን ውቅያኖስ ትሻገራለች? እዚህ ምን ጎደለሽ?» ስትለኝ ከርማ አንድ ቀን በድንገት ተለሳለሰች። «ካልቀረልሽ ሮም ይሻልሻል። የእትዬ አስካለ ሰው አለ፤ ባይተዋር አትሆኚም» አለችኝ። ሮምም ሥዕል አላት፣ ሮምም ምግብ አላት... እሺ አልኩ። እትዬ አስካለ «ለሰሎሞን አድርሺልኝ፣ አደራ» ብለው አንድ ነጭ ሸሚዝ ሰጡኝ።

ሮም እንዴት ያለች መሰለቻችሁ! አንዲት ጨለማ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ስትጨምሩ መብራት ይበራና ሥዕሉ ከግድግዳው ወደ እናንተ ይወጣል። ከዚያ ድርግም። ያለኝን ሳንቲም እዚያው ጨረስኩ። አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ የገባበት ፓስታ በልቼ ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት። እዚያ ከተማ ውስጥ የማንም ልጅ፣ የማንም ጎረቤት አልነበርኩም። ደስ ሲል!

ከዚያ ሸሚዙን ላደርስ ሄድኩ። ሰሎሞን ጨዋ ልጅ ነው፤ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ወደ ካናዳ የሚሻገርበትን ቀን ይጠብቃል። ምሳ ጋበዘኝ። በማግስቱ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጋሼ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ዘመዱን አስከትሎ መጣ። አርቲቾክ አዘዙልኝ። ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ቅጠሉ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ አትክልት ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ጋሼ ወርቁ።

ነገርኳቸው።

«የአባትሽ አባትስ? የሳቸውስ አባት?»

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሜይላንድ ሃይትስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ደጃፋችን ላይ የመኪናውን በረዶ ሲፍቅ አጠገቡ አቁሞ እስከ ሰባት ቤት አስጠንቶኛል። አንድም ሳልዘነጋ ቆጠርኩላቸው። በእናቴም በኩል ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ያህል ቆጠርኩ። እንዲያውም ኮራሁ። አገር የናፈቃቸው አዛውንት ናቸው፣ ጨዋታ ነው ብዬ።

ጋሼ ወርቁ ከንፈራቸውን ጠረግ አድርገው «ተመስገን! አንዛመድም» አሉ። ሰሎሞን አንገቱን ደፋ።

አለመዛመዳችን ይህን ያህል ለምን እንዳስደሰታቸው አልገባኝም... አርቲቾኬን በላሁ።

ከምሳ በኋላ ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ያልመለሱልን የአክሱም ሐውልት ሥር ወስደው ሁለታችንን ፎቶ አነሱን። ሐውልቱም ሮም የመጣው ሳይጠየቅ ነው።

እንግዲህ ወደ እሁድ ልመልሳችሁ። እናቴ ትነዳለች። እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር ያብራራሉ።

«ሽማግሌ ፊት ተቀምጠሽ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረሽ የለ? ሥጋ ዘመድ አለመሆናችሁ ተጣርቷል። ከዚህ ወዲያ እሺታ የት አለ?»

«እኔ ምሳ መስሎኝ ነው የበላሁት!»

«ምሳማ ነው። ምሳ ያልተበላበት ሽምግልና አለ እንዴ? አሁን የቀረው ባሌ ነው ብለሽ ስፖንሰር ማድረግ ብቻ ነው።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

የምንታጠፍበትን መንገድ አለፈችው።

«እማዬ!»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?» አለች።

ያ ለምኜ ያገኘሁት የመሰለኝ እሺታ፣ ያ «ሮም ይሻልሻል»... ጉዞዬ የኔ አልነበረም። እንደ ሸሚዙ ተጠቅልዬ ነው የተላክሁት።

በማግስቱ ሰሎሞን ጋ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «አክስቴ ‹ፈቅዳለች፣ ልታይህ ነው የምትመጣው› ብላኛለች» አለኝ። «ሸሚዙንም አንቺ የመረጥሽልኝ መስሎኝ ነበር።» ይቅርታ ጠየቀኝ። ከሁሉም ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም እንደኔ የተታለለው።

ማታውን እትዬ አስካለ ቤታችን መጡ። አበባቸውን መለስኩላቸው።

«እትዬ፣ ሰሎሞንን በስደተኛነት ቤተ ክርስቲያናችን ስፖንሰር እንድታደርገው አብሬ እሯሯጣለሁ፤ ወረቀቱን ሁሉ እኔ እሞላለሁ። ሚስቱ ግን አልሆንም።»

ወደ እናቴ ዞረው «ይኸው! ተምራ ተበላሸች» አሉ።

«ተምሬ ባልበላሽ ወረቀቱን ማን ሊሞላልዎት ነበር?» አልኳቸው።

እናቴ አሳፈርሽኝ ብላ ስታለቅስ አመሸች። ሮም ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደበላሁ... እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

እኔም ከእንግዲህ ጨዋነቴ እንደ እሺታ ሲቆጠር አልቀበልም፤ የእናቴም እንባ ቢሆን ስለ እኔ እሺ ሊልልኝ አይችልም።