አያ ይማም ዝም ያሉ ዕለት

በቀደም የልጅ ልጄ በመኪናው ወደ ደብረ ታቦር ሲወስደኝ ነዳጅ ማደያ ገባን። ቀጂው ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ክዳኑን ከፈተ፣ ቀዳ፣ ዘጋ፤ ቀና ብሎም አላየን። የልጅ ልጄ ደስ ብሎት "አየህ አባባ፣ መስተንግዶ ማለት እንዲህ ነው፤ ቀልጠፍ ያለ!" አለኝ። እኔን ግን ዝምታው አስፈራኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "ልጄ፣ ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው?" ብዬ ቀጂውን ጠየቅሁት። የልጅ ልጄ አፈረብኝ። አይፈረድበትም፣ እሱ አያ ይማምን አያውቃቸውም።

በንጉሡ ዘመን ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስሁ በዚያች ሰባራ እንግሊዝኛዬ የሁለት ፈረንጆች አስተርጓሚ ሆንሁ። ኢንግሪድ ነርስ ናት፤ "ሲስተር" እንላታለን። ባሏ ካርል ሾፌርም መካኒክም ነው። በጋ ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ በእስቴና በስማዳ እየዞርን ሕመምተኛ እናያለን። ክረምት ከገባ ያ መንገድ እንኳን ለመኪና ለበቅሎም አይመች።

ቤንዚን የምንቀዳው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከአያ ይማም ሱቅ ደጃፍ ነበር። ማደያ ስል ዛሬ ያለው እንዳይመስላችሁ። ከአቡጀዲውና ከጨው አሞሌው ጓሮ የተደረደሩ በርሜሎች፣ በእጅ የሚዞር ፓምፕ፣ ቤንዚኑን ከቆሻሻ የሚያጠልሉበት አሮጌ ነጠላ፤ በቃ ይኸው ነው። አያ ይማም ግን መኪና ቆሞ እንዳዩ ወደ በርሜሉ አይሄዱም። መጀመሪያ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡናል። ውሃ በጣሳ፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይቀርባል። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል።

"እንዴት ሰነበታችሁ? መንገዱ እንዴት ነው? ሲስተር ደህና ናት? በአገራቸው ያሉት እናት አባትስ? ዝናብ አግኝተዋል?"

ካርል ከአማርኛ ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። "ቤንዚን ብቻ!" ይላል ሰዓቱን እያየ።

"እሺ ጌታው፣ ቤንዚኑ የት ይሄዳል?" ይሉታል አያ ይማም፣ ቆሎውን ወደሱ እየገፉ።

"በእኛ አገር ቢሆን ይህ ሰውዬ ደንበኛ አያገኝም ነበር" ይለኛል ካርል በእንግሊዝኛ። ይህን ሳልተረጉም ቆሎዬን እቆረጥማለሁ።

ጥር ላይ ነበር፤ ጭድ በየአውድማው ተከምሯል፣ አቧራው አይን አያስገልጥም። ከወገዳ በኩል ሰዎች ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ይዘው መንገድ ላይ አገኙን። የሺ ትባላለች። ለስማዳ ሰው ተድራ ነው እንጂ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፤ አባቷን መሪጌታ ወርቄን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሲስተር ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል፤ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካልደረሰች እናትም ልጅም አይተርፉም። ባሏና ተሸካሚዎቹ በእግር ሊከተሉን ተስማሙ። እኔ ከኋላ ራስጌዋ ተቀመጥሁ።

"አቅሟ እየደከመ ነው። አረጋጋት፤ ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት" አለችኝ ሲስተር።

መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ከተማው ጭር ብሏል፤ የአያ ይማምም ሱቅ ተዘግቷል። ካርል ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። አያ ይማም ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እየሮጡ መጡ። ኩታቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀውታል። በመኪናው የኋላ በር ብቅ ብለው የሺን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወዲያው ዞር አሉና ኩታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በርሜሉን ከፍተው ፓምፑን ያዞሩት ጀመር። ተቀመጡ የለ፣ ውሃ የለ፣ እንዴት ሰነበታችሁ የለ። ቀድተው ሲጨርሱ በእጃቸው "ሂዱ፣ ሂዱ" አሉን።

ካርል ሞተሩን እያስነሳ "ይኸውልህ! ዛሬ ገና ሥራ ተማረ" አለኝ።

ከከተማው እንደወጣን የሺ እጄን ያዘች።

"አያ ይማም አላወቁኝም?"

"ቸኩለው ነው እንጂ..."

"አባቴ ዘንድ በየማታው የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ሕፃን ሆኜ አዝለውኛል። በዚህ ጭንቅ ላይ አይተውኝ እንዴት ማርያም ትቅረብሽ አይሉኝም?" ምጡ መጣባትና ጥርሷን ነከሰች። ሲለቃት ዓይኔን አየችኝ። እኔም ያ የተዘቀዘቀ ኩታ ትዝ ብሎኝ ዓይኔን አሸሸሁ።

"ተወው፤ እንዳትነግረኝ" አለች። "እስክገላገል ምንም አልሰማሁም።"

ደብረ ታቦር እስክንደርስ እንባ እንኳ አላወጣችም። እኔ ነኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ያለቀስሁት።

ሐኪሞቹ ተረባርበው አዋለዷት። ወንድ ነው፤ አለቀሰ። ሲስተር በደስታ አቀፈችኝና "ስሙን ማን እንደምትለው ጠይቅልኝ" አለችኝ። ጠየቅሁ።

"ምትኩ" አለች የሺ።

ምትኩ በአገራችን ሰው በሞተበት ቤት የተወለደ ልጅ ነው፤ በሄደው ፈንታ የመጣ። መካነ ኢየሱስ ላይ መርዶውን ሰምቶ የመጣው ባሏ በማግስቱ ደርሶ ስሙን ሲሰማ ክው አለ። ማን ነገራት ብሎ ሁላችንንም በዓይኑ መረመረን። እሷ ግን "ስሙ ደስ ስላለኝ ነው" አለችው። አራስ መርዶ አይነገራትምና ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ሁሉም ደበቋት። እሷም ደበቀቻቸው። መጽናኛ ይሆናት ብለው "አባትሽ ሰላም ብለውሻል" የሚል የውሸት መልእክት ሲያመጡላት "እግዜር ያቆይልኝ" ትል ነበር። ከክርስትናው በኋላ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው መርዶውን ሲነግሯት ገና ያን ጊዜ እንደሰማች ሆና ወደቀች። ልቅሶው ግን የእውነት ነበር፤ ስንት ቀን ታፍኖ የቆየ።

በሌላ ጊዜ አያ ይማም ዘንድ ስንሄድ ካርል ነገሩን ከኔ ሰምቶ ነበር። ማንም ሳይለው አግዳሚው ላይ ተቀመጠና "አያ ይማም፣ ደህና ነህ? ልጆች ደህና?" አለ፤ "ነዎት" ማለቱን አልደረሰበትም። አያ ይማም ቆሎውን ይዘው መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ።

"መሪጌታን አፈር አልብሼ መምጣቴ ነበር" አሉኝ። "አፌን ብከፍት ይወጣብኛል። ዋሽቼም ደህና ናቸው ልላት አልቻልሁም። ዝም ብዬ ሸኘኋት። እንኳን ሳታውቅ ወለደች!"

"እንኳን!" አልኋቸው። እውነቱን እስኪሞቱ አልነገርኋቸውም።

ያ የማደያው ወጣት ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ፣ ግራ እየገባው፣ "ደህና ነን አባባ፣ ሁሉም ሰላም ነው" አለኝ። የልጅ ልጄ መኪናውን ሲያስነሳ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት። ያቺን ባይመልስልኝ ኖሮ፣ መርዶ ደብቆኝ ይሆናል ብዬ፣ ቤት ደውዬ ሁሉንም በየስማቸው ሳልጠይቅ ከዚያ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም ነበር።